መርዶ በመመሪያው መሠረት

አይጉል በፓምፑ ጩኸት መነታረኳን ያቆመችው በጥቅምት አጋማሽ ነው። ይታይሽም መጠርጠር የጀመረችው ከዚያ ቀን ወዲህ ነበር።

አይጉል የካዛኪስታን ሴት ናት፤ የጠፈር ጣቢያዋ የኤሌክትሪክ ባለሙያ። የመኝታ ሳጥኗን ከውሃ ክፍሉ የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ፣ ይታይሽ ንጋት ላይ ፓምፑን ስታስነሳ አይጉል ግድግዳውን በቡጢ ትደልቃለች፤ ቀጥላም በአገሯ ቋንቋ አንድ ረጅም ነገር ትናገራለች። ሁሉም ጆሯቸው ላይ የሚሰኩት አስተርጓሚ ስድብ አይተረጉምም። ስለዚህ ይታይሽ በሁለት ዓመት ውስጥ ምን ስትባል እንደኖረች አታውቅም። ቢሆንም ለምዳው ነበር፤ ቀኑ የሚጀምረው በዚያ ድለቃ ነው። በጥቅምት አጋማሽ ግን ፓምፑ ተነሳ፣ ጮኸ፣ ግድግዳው ዝም አለ። ቁርስ ላይ ደግሞ አይጉል ከአገሯ የተላከላትን የደረቀ ፍራፍሬ አምጥታ፣ "እንኪ ብዪ፤ ከስተሻል" አለቻት።

ይታይሽ የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ ይህን አትስተውም። በእኛ አገር ጠበኛ ጎረቤት በድንገት ደግ ሲሆንብህ መጀመሪያ የምታስበው ስለ ዘመዶችህ ነው።

ዓመቱ ሁለት ሺህ ስድሳ ሦስት ነው። ጣቢያዋ ጨረቃን ትዞራለች፤ ከሰባት አገር የተሰበሰቡ ስምንት ሰዎች ይኖሩባታል። ሁሉም ደረታቸው ላይ ሽንብራ የምታህል መብራት ለጥፈዋል። ሰው ከሰው ሲስማማ አረንጓዴ ትሆናለች፣ ሲጣላ ቢጫ፣ መመሪያ ሲጥስ ቀይ። ወደ ምድር የሚመለሰው መንኮራኩር በአራት ወር አንዴ ይመጣል፤ ክፍት መቀመጫው አንድ ነው፤ ተራ የሚጠበቀውም በመብራቷ ቀለም ነው። እንግዲህ ሰዎቹ ተዋደው ይኖሩ ነበር። አይጉል ብቻ፣ የሚጠብቀኝ የለም ብላ፣ መብራቷን ቢጫ አድርጋ ስትዞር ትውላለች። በጥቅምት ግን የአይጉል መብራትም አረንጓዴ ሆነ።

የይታይሽ ሥራ ውሃ ነው። ስምንቱ ሰዎች የሸኑትን፣ ያላባቸውንና የተነፈሱትን ሰብስባ አጣርታ መልሳ ታጠጣቸዋለች። ሙያው የአባቷ ነው። አቶ መኩሪያ ሠላሳ አራት ዓመት የኮምቦልቻን ቧንቧ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ልጃቸውን የቧንቧ መፍቻ ያስያዟት ገና ጥርሷን ሳትነቅል ነው። እሁድ እሁድ ለዐሥራ ሁለት ደቂቃ መስመር ሲሰጣት የሚጠይቋት ሁለት ነገር ብቻ ነበር።

"ውሃው ደህና ነው?"

"ደህና ነው፣ አባዬ።"

"ሰውስ?"

"ሰውም ደህና ነው።"

"እንግዲያው ምን ቀረ!" ብለው ስልኩን ለታላቅ እህቷ ለትርንጎ ያቀብላሉ።

በጥቅምት ሦስተኛው እሁድ ድምፃቸው ቀጥኖ መጣ። በአራተኛው ጭራሽ አልመጡም። "ጉንፋን ይዞት ጉሮሮው ተዘግቷል" አለች ትርንጎ። በሚቀጥለው፣ "ለቅሶ ሄዷል።" ከዚያ በኋላ፣ "ጸበል ሄዷል።" አቶ መኩሪያ ጸበል ሲሄዱ እንኳ "የየትኛው ጉድጓድ ነው? ተመርምሯል?" ብለው ካህን የሚያስቀይሙ ሰው ናቸው። ይታይሽ ይህን ታውቃለች። አውቃም አልጠየቀችም፤ ምክንያቱም የጠየቀ ሰው መልስ ያገኛል። በአንዱ እሁድ ትርንጎ ድንገት፣ "ይታይሽ፣ አንዴ..." ብላ ስትጀምር መስመሩ ተቆረጠ። የጣቢያው አለቃ፣ ጨረቃ መስመሩን ጋርዳው ነው አሏት፤ ከዚያ ወዲህም የእሁዱ መስመር አልተከፈተላትም።

የጣቢያው አለቃ ኖርዌጂያዊው ኦላቭ ናቸው፤ ረጅም፣ ጸጥተኛ፣ መመሪያ እንደ ዳዊት የሚደግሙ ሰው። በሥልጠና ጊዜ በሞሉት የባህል ቅጽ ላይ "ክፉ ዜና ወዲያውኑ በጽሑፍ ይድረሰኝ" ተብሎ ተጽፏል። ወንድማቸው የሞተ ዕለት ጽሑፉ እራት ላይ ደረሳቸው፤ አነበቡት፣ እራታቸውን ጨረሱ፣ ሰሐናቸውን አጠቡ። ይታይሽ ከዚያ ዕለት ጀምሮ ለሳምንት ያህል እንቅልፍ አጥታ ነበር። "ይኼ ሰው እናት አልወለደውም እንዴ?" ብላ ለአባቷ ስትነግራቸው፣ አቶ መኩሪያ፣ "አንቺ ደግሞ! ሁሉም በየአገሩ ያለቅሳል፤ አንዳንዱ ወደ ውስጥ ነው" አሏት።

በኅዳር የመመለሻ ተራው የይታይሽ ነበር። ኦላቭ ወደ ውሃ ክፍሉ ተንሳፍፈው መጡና በሩን ይዘው ቆሙ።

"ትልቁ ማጣሪያ እስከ የካቲት መቀየር አለበት። ካንቺ በቀር የሚችል የለም። ለሚቀጥለው መንኮራኩር ብትቆዪ ድርጅቱ ያመሰግንሻል።"

ይታይሽ መፍቻዋን ግድግዳው ላይ ሰካችና ፊት ለፊት አየቻቸው።

"አለቃ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አባቴ ደህና ናቸው?"

ኦላቭ ወደ ግድግዳው ዞሩ። "ደህና ናቸው" አሉ። መብራታቸው አረንጓዴ ነበር።

ቆየች። ማጣሪያውን የፈታችው፣ ያጠበችውና የገጠመችው ለብቻዋ ነው። ሦስት ወር ፈጀባት። በነዚያ ወራት ሰው ሁሉ ማር ሆነላት። ራሞን፣ የአትክልት ክፍሉን የሚጠብቀው ፊሊፒናዊ፣ ከበሰለው ቲማቲም ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ለእሷ ያመጣ ነበር፤ ሲሰጣት ግን ዓይኗን አያይም። እሷም ቲማቲሙን እየበላች፣ እነዚህ ሰዎች ለምደውኝ ነው፣ ወደውኝ ነው እያለች ራሷን ትሸነግል ነበር። ልብ ያወቀውን አፍ ሲክድ ሰው እንዲህ ይሆናል።

ማጣሪያው ሥራ በጀመረ በማግስቱ፣ በየካቲት መጨረሻ፣ ከንጋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የመኝታ ሳጥኗ ተንኳኳ። ከፈተች። ሰባቱም በሩ ላይ ናቸው። ሁሉም ትከሻቸው ላይ ነጭ ፎጣ ጣል አድርገዋል፤ የፎጣው ጥለት ወደ ላይ ተገልብጧል። ኦላቭ ከፊት ሆነው ወረቀት ይዘዋል። ማንም አፍ ሳይከፍት ገባት።

"ይታይሽ" አሉ ኦላቭ፣ ከወረቀቱ እያነበቡ። "እግዚአብሔር ያጽናሽ። አባትሽ አርፈዋል።"

ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ክንዷን ያዙ። እንዳትወድቅ ነበር የያዟት። ሰው ሊወድቅ በማይችልበት ቦታ፣ ላይና ታች በሌለበት፣ አጥብቀው ያዟት። ይታይሽ "አባዬ!" ብላ ጮኸች፤ ራሷን መሬት ልትጥል ፈለገች፤ የምትወድቅበት መሬት የለም። ደረቷን ልትደቃ እጇን ብትጎትት አልለቀቋትም። እንባዋ አልወረደም፤ ዓይኗ ላይ እንደ ብርጭቆ ተቋጠረና ዓለሙን ሁሉ አጨለመባት። አንዱ በተዘጋጀ ጨርቅ ጠረገላት። ራሞን እያለቀሰ ነበር። ሌሎቹም ለማልቀስ ይሞክሩ ነበር፤ አንዷ ወደ ኦላቭ ዞራ ይበቃል ወይ ብላ በዓይኗ ስትጠይቅ ይታይሽ አይታታለች። በጭለማው ውስጥ ሰባት አረንጓዴ መብራቶች ይበራሉ።

እንዲህ ያለ መርዶ ከየት አመጡት ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ ያመጣችላቸው እሷ ራሷ ናት።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ሥልጠና ላይ ሳሉ፣ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ጥያቄ ያለው የባህል ቅጽ ተሰጣቸው። ምን ትበላለህ፣ ስትቆጣ ዝም ትላለህ ወይስ ትጮኻለህ፣ ሰው ሲያመሰግንህ ምን ትላለህ የሚል ነው። ሰማንያ ስምንተኛው ጥያቄ፣ "ክፉ ዜና እንዴት ይነገርዎ?" ይላል። ይታይሽ ጥያቄውን ስታየው ደስ አላት፤ ስለ አገሯ ማንም እንዲህ በቁም ነገር ጠይቋት አያውቅም። አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈች። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሥራ ላይ ላለ ሰው አይነገርም፤ ሥራው እስኪያልቅ ይጠበቃል። ርቆ ያለ ሰው ቢጠይቅ እንኳ "ደህና ናቸው" ይባላል። ዘመድ ወዳጅ ማልዶ፣ ነጠላውን ዘቅዝቆ፣ ተሰብስቦ ይነግራል። ሰውየው እንዳይወድቅ ግራና ቀኝ ይያዛል። አሠልጣኞቹ አጨበጨቡላት። መልሷ "አርአያ የሚሆን" ተብሎ፣ ከነፎቶዋ፣ በመመሪያው ክፍል ዐሥራ አራት ገባ። ለአባቷ ስትነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። "የኛን ጉድ ሁሉ ጻፍሽላቸው? ምን ቀረሽ ታዲያ?"

አንድ ነገር ቀርቷት ነበር።

ከመርዶው በኋላ ሦስት ቀን ከሥራ እረፍት ሰጧት፤ ይህም ከቅጹ ላይ የተወሰደ ነው። በሁለተኛው ቀን አይጉል ወደ ሳጥኗ ገብታ በሩን ዘጋች። መብራቷን በመዳፏ ከለለች፤ እንዲህ ማድረጉ የሚጠቅመው ነገር እንደሌለ ግን ሁለቱም ያውቃሉ።

"እናውቅ ነበር" አለች። "ሰባታችንም። ከጥቅምት ጀምሮ።"

"የሞተው በጥቅምት ነው?"

"በጥቅምት ታመሙ። የሞቱት በታኅሣሥ ነው። እህትሽ ለድርጅቱ ጽፋ ነበር፤ ልጃቸውን ማየት ይፈልጋሉ ልቀቁልን ብላ። ደብዳቤውን ኦላቭ ለሁላችንም አነበቡልንና ቀጥሎ ያንቺን ገጽ አነበቡልን።"

ይታይሽ በጣቶቿ ቆጠረች። ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ። የኅዳሩ መንኮራኩር መካከል ላይ ነበር።

"አምኜ የተውኩት መቀመጫ!" አለች። "አይጉል፣ አንቺ እንኳ? አንዲት ቃል?"

"ያንቺ ቃል አሰረን። ቢጠይቅም ደህና ናቸው ይባል ብለሻል።"

"አዎ፣ ለሞተ ነው! ለሞተ ነው እንጂ ለታመመ... በኛ አገር ሰው ሲታመም ሕመሙ አይነገርሽም። ግን ይጠሩሻል። 'ምንም የለም፣ ሁሉም ደህና ነው፣ ብቻ አንዴ ብቅ በይ' ይሉሻል። ያን ስትሰሚ ጫማሽን ሳታስሪ ትሮጫለሽ። እየዋሹሽ ያመጡሻል። መደበቁ ለዚህ ነው፤ መንገድ ላይ እንዳትሞቺ ነው እንጂ እንዳትመጪ አይደለም!"

"እሱን ጽፈሽዋል?"

አልጻፈችውም። ማን ይጽፈዋል? እንዲህ ያለ ነገር በቅጽ ይሞላል ብሎ የሚያስብ ኢትዮጵያዊ የለም። መደበቁን የሚያውቅ ሁሉ መጥራቱንም ያውቃል።

አይጉል መዳፏን ከመብራቷ ላይ አነሳች። "በኛ አገር መርዶ በግጥም ይነገራል" አለች። "ሽማግሌ ይመጣል፤ ስለ ወፍ፣ ስለ ወንዝ እየገጠመ ቀስ አድርጎ ያደርስሻል። እኔም ኩራቴ ሆኖ ጻፍኩላቸው። ድርጅቱ አሁን ለኔ የሚነበብ ግጥም አዘጋጅቶ አስቀምጧል። የሟቹ ስም ቦታ ብቻ ክፍት ነው።"

"ለምንድን ነው ግን? እኔን በኅዳር ቢልኩኝ ምን ይጎዳቸዋል?"

"ውሉን አላነበብሽም? ዘመዱ መታመሙ የተነገረው ሠራተኛ በመጀመሪያው መንኮራኩር የመሳፈር መብት አለው። የተነገረው ይላል። ያልተነገረው ግን ማጣሪያ ይቀይራል።"

እሁድ ሲደርስ የማይቆረጥ የሐዘን መስመር ሰጧት። ትርንጎ ስልኩን እንዳነሳች፣ "መርዶው ደረሰሽ?" አለች፤ ድምፅዋ ደረቅ ነበር።

"ትርንጎዬ፣ አልነገሩኝም። መታመሙን አላወቅሁም።"

"ምን ማለትሽ ነው? በስልክ አይሆንም ብዬ እኔ ብሸሽግም እነሱ ጻፉልን እኮ! 'ጉዳዩ በባህሏ መሠረት ተይዟል' ብለው ጻፉልን። ነግረዋታል ብለን ነው እንጂ... አንዴ ልነግርሽ ስል ቆረጡብኝ። ይታይሽ፣ እኔ አውቀሽ የቀረሽ መስሎኝ..." ትርንጎ ማልቀስ ጀመረች። "ስንት ነገር ብዬሻለሁ! ለቅሶው ላይ ስምሽን እንዳይጠሩብኝ አድርጌአለሁ!"

"አባዬስ? አባዬ ምን አለ?"

ትርንጎ አፍንጫዋን ስትጠርግ ይሰማል። "እሱማ በር በሩን ሲያይ ሰነበተ። መጨረሻ ላይ እኔ ስናደድ ተቆጣኝ። 'ተዪአት' አለኝ። 'ውሃውን ለማን ጥላ ትመጣለች? ሰው ይጠማል' አለኝ። እንዲህ እያለ ነው የሞተው።"

ይታይሽ ስልኩን ዘጋች። ከሰደቧት ሁሉ ይልቅ ይቅር ያሏት አባቷ ጎዷት።

በማግስቱ ኦላቭ ሁለት ነገር ይዘው መጡ። አንደኛው፣ መጋቢት አጋማሽ ላይ የሚመጣው መንኮራኩር መቀመጫ የእሷ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ነው። ሁለተኛው አንዲት መጠይቅ ናት፤ መርዶው በባህሏ መሠረት መፈጸሙን ከአንድ እስከ ዐሥር ባለው ነጥብ እንድትመዝን። "ድርጅቱ ማሻሻል ይፈልጋል" አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ይታይሽ ከሥር ባለው ባዶ ቦታ ላይ "ሰው ሲታመም ዘመዱን አንዴ ብቅ በል በሉት" ብላ ጻፈች። ነጥቡን ግን ባዶ ተወችው።

መንኮራኩሩ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ኦላቭ ሰዎቹን ሰበሰቡ፤ ራሞን ግን አልተጠራም። እናቱ ሕመም ጠንቶባቸዋል አሉ። ቤተሰቦቹ ራሞን እንዲላክላቸው ጠይቀዋል። ራሞን የባህል ቅጹን ሲሞላ ሰማንያ ስምንተኛውን ጥያቄ ባዶ ትቶታል፤ ባዶ ለተተወ ጥያቄ ደግሞ ድርጅቱ አርአያ የሆነውን መልስ ይጠቀማል። ቀጥለው ወረቀታቸውን ገለጡና ማንበብ ጀመሩ። "ሥራ ላይ ላለ ሰው አይነገርም። ሥራው እስኪያልቅ ይጠበቃል። ቢጠይቅ እንኳ ደህና ናቸው ይባላል..." ይታይሽ የራሷን ቃል ከራስጌው እስከ ግርጌው ሰማች። ማንም ወደ እሷ አላየም። የራሞን ሥራ የሚያልቀው በሐምሌ ነው።

"የጻፍኩትስ?" አለች። "የጨመርኩት?"

"ደርሷል" አሉ ኦላቭ። "በሚቀጥለው ዓመት እትም ይታያል።"

ራሞን አትክልት ክፍሉ ውስጥ የቲማቲም ቅጠል በመቀስ እየከረከመ ነበር። ሲያያት ፈገግ አለና አንድ የበሰለ ቀጥፎ በአየር ላይ ገፋላት። ይታይሽ ያዘችው። ደረቷ ላይ ያለችው መብራት አረንጓዴ ናት። ኮምቦልቻ ልትደርስ ሁለት ቀንና ጉዞው ብቻ ቀርቷታል፤ የአባቷ መቃብር ላይ ልትወድቅ፣ እውነተኛ መሬት ላይ ልትወድቅ።

"ራሞን" አለችው፣ "አንዴ ቤትህ ብቅ በል።"

"ለምን?"

"ምንም የለም። ሁሉም ደህና ነው። ብቻ አንዴ ብቅ በል።"

አስተርጓሚው ቃሉን አንድም ሳያጎድል አደረሰለት። ራሞን ሳቀ። "ደህና ከሆኑማ በሐምሌ እሄዳለሁ። ይህ ሁሉ ቲማቲም ለማን ይቀራል?" ብሎ ወደ ቅጠሉ ተመለሰ።

በቃ፣ ይህ ነው። እሷ ጫማዋን ሳታስር የምትሮጥበት ቃል ለእሱ ምክር ነው። ይታይሽ ቲማቲሙን እጇ ላይ አገላበጠችው። ማንም አይወቅሳትም። ተሳፍራ ብትሄድ፣ ራሞን በሐምሌ ማልዶ በሚንኳኳ በር ይነቃል፤ ግራና ቀኝ ይይዙታል፤ በእሷ ቃል።

"እናትህ በጠና ታማለች" አለች። "ልታይህ ትፈልጋለች። ነግሬሃለሁ፤ የተነገረው ሰው የመሳፈር መብት አለው። ከነገ ወዲያ ሂድ።"

ራሞን የያዘው መቀስ ከእጁ ወጥቶ ተንሳፈፈ። የይታይሽ መብራት ቀላ፤ በቅጠሉ ሁሉ ላይ ቀይ ብርሃን ወደቀ።

መቀመጫው ወደ ራሞን ዞረ። ኦላቭ የይታይሽን ቅጣት ሲያነቡ ድምፃቸው እንደወትሮው ነበር፤ ተራዋ ለአንድ ዓመት ተሰርዟል። አንብበው ሲጨርሱ ግን ወረቀቱን አጥፈው ትንሽ ቆዩና፣ "አዝናለሁ" አሉ። ይህ በመመሪያው ላይ የለም።

ራሞን ከሄደ በዐሥራ አንደኛው ቀን መልእክት ላከላት። ሁለት ቃል ብቻ ነው። "ደረስኩ። አወቀችኝ።"

ይታይሽ ደጋግማ አነበበችው። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስ አላላትም። ቀናችበት። ልጇን ካየችው ከማታውቃት የራሞን እናት፣ በር በሩን ሲያዩ ከሞቱት አባቷ፣ ከሁሉም ጋር ተጣልታ እስኪነጋ አለቀሰች። በዚህ ጊዜ ክንዷን የያዘ አልነበረም።

ሲነጋ ተነስታ ፓምፑን አስነሳችው። ጮኸ። ግድግዳው በቡጢ ተደለቀ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ ያ አስተርጓሚው የማይተረጉመው ረጅም ስድብ ቀጠለ። ይታይሽ ቆማ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው፤ ዛሬ የሚደብቁባት ነገር የለም ማለት ነው።

ፓምፑን አላጠፋችውም። ሰው ይጠማል።